ዘይላዕ፦ ስሟ በኪታብ ሽፋን ላይ የቀረ ወደብ



ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ኮልፌ ቀራኒዮ ከእኛ ዘንድ ኪታብ የሚቀሩ ደረሶችን «ዘይለዒ ማለት ምንድን ነው?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። አንዱ «የግብጽ ሰው ነው» አለን። አልፈረድንበትም፤ በልጅነታችን እኛም እንደዚያው ይመስለን ነበር።

ዘይለዒ ማለት የዘይላዕ ሰው ማለት ነው። ዘይላዕ በዛሬዋ ሶማሌላንድ፣ ከጅቡቲ ብዙም ሳትርቅ በባሕር ዳር የምትገኝ የቆላ ወደብ ናት። የኢፋት፣ የአዳልና የሐረር ሲራራ ነጋዴ ለዘመናት ወደ ባሕር የሚወጣባት በር ነበረች። በ1331 እ.ኤ.አ. ገደማ የጎበኛት ኢብን በጡጣ የገበያዋን ትልቅነት መስክሯል፤ ሽታዋ ግን አስመርሮታል። የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ነበር ምክንያቱ። ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። በዒድ አል-አድሓ ማግሥት በመንደራችን ያለፈ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደዚያ ዞረ፤ ዘይላዕም ተቀዛቀዘች።

ስሟ ግን ቀድሞ ርቆ ሄዶ ነበር። በ749 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ጸሐፊ አል-ዑመሪ እንደጻፉት፣ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ ሐድያና ባሌን ጨምሮ ሰባቱ የሙስሊም ግዛቶች በግብጽና በሻም የሚታወቁት በዘይላዕ ስም ነበር፤ እርሷ ግን ከወደቦቻቸው አንዷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ አንድ ዓሊም ዘይለዒ ሲባል ከወደቧ ይሁን ከመሐል አገር ስሙ ብቻውን አይነግረንም። ዒልም ከውጭ ወደኛ መጣ ብቻ እንጂ ከኛም ወጣ ሲባል እምብዛም አንሰማም።

ኢማም ዑስማን አዝ-ዘይለዒ በ705 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ገቡ፤ እስከ ዛሬ የሚቀራውን «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» ጽፈው በ743 አረፉ። ኢብን በጡጣ የአካባቢው ሕዝብ ሻፊዒ ነው ይላል፤ እኚህ ሊቅ ግን የጻፉት በሐነፊ ፊቅህ ነው። ደረሳቸው ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ ደግሞ በ762 ያረፉ የሐዲስ ሊቅ ናቸው። «ነስቡ ራያህ» በተባለው ኪታባቸው በ«አል-ሂዳያ» የተጠቀሱትን ሐዲሶች አንድ በአንድ እየተከታተሉ ምንጫቸውን አወጡ። ደካማውን ደካማ ነው አሉ፤ የሌላውን መዝሀብ ማስረጃም ሳይደብቁ አሰፈሩ። ከታላቁ አል-ዒራቂ ጋር አብረው እየተቀመጡ ኪታብ ያገላብጡ እንደነበርም ተጽፏል።

ስለ ዘይላዕ መስጂደል ቂብለተይን ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። ፍርስራሹ ሁለት ሚሕራብ አለው፤ አንዱ ወደ በይተል መቅዲስ፣ ሌላው ወደ ካዕባ ነው፣ ስለዚህም ቂብላ ከመዞሩ በፊት የተሠራ ነው ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ነገር ግን ጀማሉዲን «ማስረጃው የታለ?» ይሉ እንደነበር አትርሱ። ካርታ ዘርግተን ስንለካው ከዘይላዕ መካም በይተል መቅዲስም በአንድ አቅጣጫ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ወደ ሰሜን ሆነው ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነብላሉ። ታዲያ ሁለተኛው ሚሕራብ ለምን ተሠራ? አቅጣጫው ብቻ አይመልሰውም።