የተራራ አገር ልማትና ከመንግሥታት በላይ የሚጸናው ሕግ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አይደለም። የኮንክሪት ጥንካሬ ወይም የድልድይ ስሌት ቢሆን ኖሮ ለእኔም ለእናንተም ይቀል ነበር። ነገር ግን በተራራ ላይ መንገድ የሚቀይስ፣ ግድብ የሚገድብ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ሰው ሥራውን የሚወስንለት የአፈሩና የድንጋዩ ጠባይ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሕግን ለሕግ ባለሙያ ብቻ ትተን መቀመጣችን ተገቢ አይመስለኝም። በተለይም የአገሩ ምክር ቤት ያላወጣውን፣ ሆኖም በአገሩ ውስጥ የሚሠራውን ሕግ ማወቅ ይገባናል። በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ቃሉን ላብራራ። ዓለም አቀፍ ሕግ ስንል በተለምዶ የምናስበው መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚዋዋሉትን ነው። አንዱ ውሉን ቢያፈርስ ሌላው ይወቅሳል፣ ይከሳል፣ ወይም ዝም ይላል፤ ተራው ሰው በነገሩ የለበትም። ከመንግሥታት በላይ የሚጸናው ሕግ ግን ከዚህ ይለያል። በዚህ ሥርዓት መንግሥታት ከሥልጣናቸው ከፊሉን ለጋራ ተቋም አሳልፈው ይሰጣሉ፤ ተቋሙ የሚያወጣው ሕግ በየአገሩ ፍርድ ቤት ይሠራል፤ ከአገሩ ሕግ ጋር ቢጋጭም የበላይነቱን ይይዛል። ዋናው ምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ነው።

የበላይነቱ መርሕ የተተከለበት ጉዳይ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። ኢጣልያ በ1962 የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን ወደ መንግሥት ይዞታ ስታዛውር፣ ኮስታ የሚባል የሚላኖ የሕግ ጠበቃ ከ2,000 ሊሬ ያነሰች የመብራት ሒሳብ አልከፍልም ብሎ ተሟገተ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ1964 በዚሁ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የጋራው ሕግ ከእርሱ በኋላ በወጣ የአገር ሕግ ሊሻር እንደማይችል ደነገገ። ዛሬ በአልፕስ ሸለቆዎች ውስጥ የሚካሄደው ክርክር በዚያች የመብራት ሒሳብ ላይ ቆሟል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ወደ አልፕስ እንሂድ። የስምምነቱ ክልል 190,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚኖርበትም ሕዝብ 14 ሚሊዮን ገደማ ነው። የአልፕስ ስምምነት በ1991 በሳልዝቡርግ ተፈርሞ በ1995 ጸና። ዛሬ አባሎቹ አውስትሪያ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣልያ፣ ስዊስ፣ ሊኽተንሽታይን፣ ስሎቬኒያና ሞናኮ፣ ከእነርሱም ጋር የአውሮፓ ኅብረት ራሱ ናቸው። በስምምነቱ ሥር ስለ እርሻ፣ ስለ ደን፣ ስለ አፈር፣ ስለ ኃይል፣ ስለ ቱሪዝም፣ ስለ መጓጓዣና ስለ መሳሰሉት የወጡ ፕሮቶኮሎች አሉ። ስምምነቱ የራሱ ፍርድ ቤት የለውም፤ በዚህም ተራ ዓለም አቀፍ ውል ነው። ይሁን እንጂ ኅብረቱ አንዱን ፕሮቶኮል ባጸደቀ ጊዜ ያ ፕሮቶኮል የኅብረቱ ሕግ አካል ይሆናል። የመጓጓዣው ፕሮቶኮል በ2013 እንዲህ ሆኗል። ይህም ፕሮቶኮል በአልፕስ ላይ የሚያቋርጥ አዲስ ትልቅ አውራ ጎዳና አባሎቹ እንዳይሠሩ ይከለክላል።

ከፕሮቶኮሎቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሳበኝ የአፈሩ ነው። በ14ኛው አንቀጹ፣ መሬቱ ባልረጋበት ሥፍራ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ለመሥራትና ለመደልደል ፈቃድ እንዳይሰጥ ያዛል። የአውስትሪያ ፍርድ ቤቶች ይህን አንቀጽ ሌላ ማስፈጸሚያ ሕግ ሳይጠብቁ በቀጥታ ሠርተውበታል። እንግዲህ ጠይቁ፤ «ያልረጋ መሬት» ማለት ምን ማለት ነው? ዳኛው አያውቅም። የሚያውቀው የአፈር መካኒክ ያጠና፣ ጉድጓድ ያስቆፈረ፣ የከርሰ ምድሩን ውኃ የለካ ሰው ነው። አንድ የሙያችን ቃል በሕግ ውስጥ ሲገባ፣ በምርመራ ዘገባችን ላይ እንደ ዋዛ የምንጽፈው «ተዳፋቱ ለጊዜው የረጋ ይመስላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ፕሮጀክት የሚያቆም ወይም የሚያስፈቅድ ማስረጃ ይሆናል። ለጊዜው የሚለው ቃል ስንት ዓመት እንደሆነ ያን ጊዜ መመለስ ግድ ነው።

ነገሩ በሙሉ ክብደቱ የሚታየው ግን በብሬነር መተላለፊያ ነው። ብሬነር ከባሕር ወለል 1,370 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ከትልልቆቹ የአልፕስ መተላለፊያዎች ዝቅተኛው ነው፤ ስለዚህም ከጀርመን ወደ ኢጣልያ የሚወርድ ብዙ ጭነት ይመርጠዋል። በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ የጭነት መኪናዎች ያልፉበታል። ጠባብ ሸለቆ ከሜዳ እንደሚለይ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ በክረምት ቀዝቃዛው አየር ከታች ተኝቶ ሞቃቱ እንደ ክዳን ከላይ ሲደፋበት ጭሱ መውጫ ያጣል፤ ድምፁም ገደሉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በሜዳ ላይ የማይሰማው የመኪና ብዛት በዚያ ለሚኖረው ገበሬ በሽታ ነው።

አውስትሪያ በ1995 ኅብረቱን ስትገባ ለዚህ መላ ይዛ ነበር። እያንዳንዱ የጭነት መኪና ሞተሩ በሚተፋው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን ነጥብ እየተቆረጠበት ያልፍ ነበር፤ ይህ ሥርዓት በ2003 መጨረሻ ዘመኑ አበቃ። በዚያው በ2003 የቲሮል አስተዳደር በኢን ሸለቆ አውራ ጎዳና 46 ኪሎ ሜትር በሚሆነው ክፍል ላይ፣ ከ7.5 ቶን በላይ የሆኑ መኪናዎች ቆሻሻ፣ እህል፣ እንጨት፣ ድንጋይ፣ አፈር፣ የግንባታ ብረትና የመሳሰለውን ጭነው እንዳያልፉ ከለከለ። ምክንያቱም ጭነቱ ባቡር ሊወስደው የሚችል ነው፤ በሸለቆው ያለውም የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን ኅብረቱ ራሱ ከደነገገው ዓመታዊ ወሰን፣ ማለትም በሜትር ኩብ ከ40 ማይክሮግራም፣ አልፏል የሚል ነበር።

የኅብረቱ ኮሚሽን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2005 አውስትሪያን ረታባት። ፍርዱን በጥሞና ለሚያነብ ሰው ግን ዳኞቹ የሸለቆውን ሕዝብ ጤና አልናቁም። አየሩን መጠበቅ ተገቢ ዓላማ መሆኑን ተቀብለዋል። አውስትሪያ የተረታችው፣ ንግድን ያነሰ የሚያውኩ ሌሎች መንገዶችን አስቀድማ በሚገባ ስላልመረመረች፣ ባቡሩም የሚዛወረውን ጭነት የመሸከም አቅም እንዳለው ስላላረጋገጠች፣ ለለውጡም የሰጠችው ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ ነው። ጉድለቱ የአማራጭ ጥናት ጉድለት ነው ማለት ነው! ሁለተኛው ክስ ቀርቦም ፍርድ ቤቱ በ2011 እንዲሁ፣ በሰዓት የ100 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ወሰን በቋሚነት ቢደነገግ የሚያስገኘው ውጤት ለምን አልተመረመረም ብሎ ፈረደ። ቲሮል በ2014 ያን ቋሚ ወሰን አወጣች፤ በ2016 ደግሞ የጭነት ክልከላውን በአዲስ መልክ መለሰች። ክርክሩ በዚህ አላበቃም፤ በ2024 ኢጣልያ አውስትሪያን በዚያው ፍርድ ቤት ከሰሰች።

አንድ ሌላ ጉዳይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ1998 የሸለቆው ነዋሪዎች አውራ ጎዳናውን 30 ሰዓት ያህል ዘግተው ሰልፍ ወጡ። አንድ የጀርመን የጭነት ድርጅት መኪናዎቼ ቆመው ከሰርሁ ብሎ የአውስትሪያን መንግሥት ካሣ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ በ2003፣ የዕቃ ነጻ ዝውውር ታላቅ መርሕ ቢሆንም የሰዎች የመሰብሰብና ሐሳብን የመግለጽ መብት በዚህ ሁኔታ ሊቀድመው ይችላል አለ። ለገበያ የቆመ ሕግ የመንደር ሰዎችን ሰልፍ ሲጠብቅ ማየት እኔን አስደንቆኛል።

በዚህ ሁሉ መካከል የስዊስን ነገር ልብ ማለት ያሻል። ስዊስ የኅብረቱ አባል አይደለችም፤ የአልፕስ ፕሮቶኮሎችንም አላጸደቀችም። ሆኖም ሕዝቧ በ1994 በሰጠው ድምፅ አቋራጩ ጭነት ወደ ባቡር እንዲዛወር ወሰነ፤ ከ2001 ጀምሮ ከባድ መኪናዎች በክብደታቸውና በተጓዙት ርቀት ልክ ይከፍላሉ፤ 57 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የጎትሃርድ የባቡር ዋሻም በ2016 ተከፈተ። በብሬነር ሥር የሚቆፈረው 55 ኪሎ ሜትር ዋሻ ግን የሚከፈተው በ2032 ይሆናል ተብሎ ታቅዷል። ስለዚህ የጋራ ሕግ ያለው ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል ማለት አይደለም።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። በእነዚያ 21 ዓመታት ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የመንገድ ጥያቄ ነበር፤ ከደባርቅ ተነሥቶ ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ ትራፊኩ በሌላ አቅጣጫ እንዲዞር ተጠየቀ። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ዳኛ የለውም፣ ቅጣትም አይቀጣም፤ ያለው መዝገብ ብቻ ነው። ያ መዝገብ ግን የአገራችንን የመንገድ ቅየሳ ነክቷል። በፓርኩ ውስጥ የነበሩ የግጭ ነዋሪዎችም በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያው የሚከራከርለት ኮሚቴ አግኝቷል፤ የግጭ ገበሬ ግን የቲሮል ገበሬ ያገኘውን ዐይነት ፍርድ ቤት አላገኘም። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል።

በአህጉራችን ጅምሩ አለ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ችሎት በ2014፣ ታንዛንያ በሰሬንጌቲ ሰሜናዊ ክፍል ልትሠራው ያሰበችው የአስፋልት መንገድ የማኅበረሰቡን ውል የሚጥስ ነው ብሎ ፈረደ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤትም በ2017 በኬንያ ከፍተኛ ቦታ በማው ደን ለሚኖሩት ለኦጊየክ ሕዝብ ፈረደላቸው። አገራችን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ባትሆንም፣ ከድንበር ማዶ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ሳያውቅ ውል ሊፈርም አይገባም።

በብዙ ቦታ እንዳየሁት የአካባቢ ጥናት የሚመጣው መሥመሩ ከተቀየሰ፣ ዋጋው ከተሰላ በኋላ ነው፤ በሰነዱ መጨረሻ እንደ አባሪ ይለጠፋል። የሉክሰምቡርግ ዳኞች የጠየቁት ተቃራኒውን ነው፤ የተጣሉት አማራጮች በየተራ፣ ከነቁጥራቸውና ከተጣሉበት ምክንያት ጋር እንዲቀርቡላቸው። ስለዚህ የማኅበራችን የትምህርት ክፍል በሚቀጥለው ዓመት የ2005ቱንና የ2011ዱን ፍርዶች ለወጣት መሐንዲሶች በአማርኛ አሳጥሮ እንዲያቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሥራው ሁለት የሕግ ባለሙያዎችና አንድ የመንገድ ቀያሽ ይበቃሉ፤ ቀያሹ እኔ ብሆን ፈቃደኛ ነኝ።