ከማማ ላይ ያየ ልጅ



በዚህ ምረቃ ላይ ለተመራቂ ልጆችና ለወላጆቻቸው ስለ ድሮን ሙያ እንድናገር ስጋበዝ ቃሉ ራሱ ከበደኝ። በመተማ፣ በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆ የሚያድግ ልጅ ድሮን የሚለውን ቃል የሰማው ከመምህር አይደለም። ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግጭት ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ የተነሳው ጦርነት ደግሞ ብዙ ሺህ ስደተኞችን ከድንበር ማዶዋ ገላባት ወደዚህ ወደ መተማ ዮሐንስ አሻግሯል። በድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ቃሉ የሚነሳው ከሞት ወሬ ጋር ነው። ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ጨዋታውን አቋርጦ ወደ ቤት የሚሮጥ ልጅ አለ። ይህን ዘልዬ ስለ እንጀራው ብቻ ባወራ፣ ልጆቹ ያውቁብኛል።

እኔ ከላይ ሆኖ ማየትን የተማርኩት ማማ ላይ ነው። ማሽላው ሲያሽት ከግሪሳ ወፍ ለመጠበቅ ወንጭፋችንን ይዘን እንወጣ ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁም ወጥታችኋል። ከማማ ላይ ማሳው ሌላ ነው። አባቴ በእግሩ ሲመላለስበት የማያየውን እኔ ቁጭ ብዬ አየው ነበር፤ ውሃ የተኛበት ቦታ ገርጥቶ፣ አቀንጭራ የበቀለበት ደግሞ ሐምራዊ ጥለት ለብሶ ይታያል። ማታ «በዚያ በኩል አቀንጭራ ገብቷል» ስለው «ማን ነገረህ?» ይለኝ ነበር። የነገረኝ ከፍታው ነው። ለእርሻ የሚሠራውም ድሮን ያው ማማ ነው፤ እግሩ ስላልተተከለ የትም ይቆማል።

የድሮኑ ዓይን ግን ከእኛ ዓይን ይበልጣል። ጤነኛ ቅጠል ከቀይ አለፍ ብሎ ያለውን፣ የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል። ሲጠማ ወይም ሲታመም የሚመልሰው ይቀንሳል። ለዚህ የተሠራ ካሜራ ልዩነቱን ይለካና የተጎዳውን ቦታ በካርታ ላይ ያወጣል፤ አንዳንዴም ቅጠሉ ለዓይን ሳይገረጣ በፊት።

ይህ ለእኛ ሰሊጥ ምን ማለት እንደሆነ ወላጆች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሰሊጥ ውሃ ሲተኛበት አይወድም፤ ጥቁር አፈራችን ደግሞ ውሃ ይይዛል። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ ያለው ሰው፣ ከመዝራቱ በፊት ውሃው በየት በኩል መውጣት እንዳለበት ያውቃል። ምርት ሲደርስ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ቆባው ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ነው፤ ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ሂላ ሆኖ መቆም ያለበት በቀናት ውስጥ ነው። ሰፊ ማሳ ላይ የትኛው በኩል ቀድሞ እንደደረሰ ያወቀ ባለ ማሳ፣ ሳሉጎቹን፣ የቀን ሠራተኞቹን፣ መጀመሪያ ወዴት እንደሚያሰማራ አይቸገርም። በጠራራ ፀሐይ መርጫ አዝሎ መድኃኒቱን ሲተነፍስ የሚውለውን ወጣትም አስቡት። ያንን ሸክም ከሰው ጀርባ የሚያወርዱ የመርጫ ድሮኖች ዛሬ በብዙ አገር እርሻ ላይ ይሠራሉ።

እናንተ ተመራቂዎች ሙያው ማብረር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማብረሩን ቶሎ የሚለምደው ብዙ ነው። ምስሉን አንብቦ «እዚህ ጋ ውሃ ተኝቷል፣ እዚህ ጋ አረም ነው» የሚል ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም፤ ያ ሰው ሰሊጥ የሚያውቅ መሆን አለበት። ሞተር የሚጠግን፣ የበረራ ሕግ የሚያውቅ፣ ፕሮግራም የሚጽፍም ያስፈልጋል። ባትሪውን ለብቻው ላንሳው። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ይጎዳዋል፤ አየሩ ሲሞቅ ደግሞ ስለሚሳሳ ድሮኑ ለመነሳት የበለጠ ኃይል ይጨርሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ውስጥ ባትሪ እንዴት እንደሚጠበቅ ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ከደጋ አይመጣልንም፤ ከእናንተ መሀል መውጣት አለበት።

ሌሎች አፍሪካውያን ጀምረውታል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደም በድሮን ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ትልካለች። በክረምት መንገድ ሲቆረጥ ቋራ ውስጥ ምጥ ላይ ያለችን እናት ያሰበ ሰው፣ ይህ ቅንጦት እንዳልሆነ ይገባዋል። ማላዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከዩኒሴፍ ጋር ሊሎንግዌ ላይ ወጣቶች ድሮን ሠርተው የሚያበሩበትን የአፍሪካ የድሮንና የዳታ አካዳሚ ከፍታለች። ስሙ ውስጥ «ዳታ» መኖሩን ልብ በሉልኝ። እኛም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን ከቻይና ምድር አምጥቀናል፤ ሳተላይትም ሆነ ድሮን፣ ምስሉ የሚያነበው ልጅ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያለ ፈቃድ ድሮን ማስገባትም ማብረርም ክልክል ነው። እኛ ያለነው ድንበር ላይ ነው፤ «በርካሽ አገኝልሃለሁ» የሚል አይጠፋም። እንዳትሰሙት። በዚህ ጊዜ ሰማዩን እንድትነኩ አልመክራችሁም፤ ትምህርቱ ከመሬት ይጀምራል። የበረራ ልምምድ በኮምፒውተር ይቻላል። አካባቢን መለካት ደግሞ በእጃችሁ ባለው ስልክ ይቻላል።

ስለዚህ እናቶቼና አባቶቼ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የሰሊጥ ዘር ሳይገባ፣ ልጃችሁን አስከትላችሁ ማሳችሁን አንድ ጊዜ ዙሩ። ልጁ በየማዕዘኑ ቆሞ ስልኩ ጂፒኤስ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ስልኩ ጥቂት ሜትር ይሳሳታል፤ የመሳሳቱን ልክ ማወቅም ትምህርት ነው። 10,000 ካሬ ሜትር አንድ ሄክታር መሆኑን ያውቃል፤ ስፋቱን አስልቶ ይንገራችሁ። ከዚያ ውሃ የሚተኛበትንና አቀንጭራ የሚበቅልበትን እናንተ አሳዩት፣ እሱ ይሳለው። ሴት ልጆቻችሁንም አታስቀሯቸው። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ተመልሼ እመጣለሁ፤ ደብተሮቹን አሳዩኝ።