ዛሬ አንድ ዙር፣ ነገም አንድ ዙር

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ አንድ ቁጥር ልንገርሽ፤ 611።

አቅራቢ 2፦ የምን ቁጥር ነው ወንድሜ?

አቅራቢ 1፦ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት አንድ አማተር የጎልፍ ተጫዋች በአንድ ዓመት ውስጥ የተጫወተው ዙር ነው። ሙሉ ዙር 18 ጉድጓድ አለው፤ ሲባዛ 10,998 ይሆናል።

አቅራቢ 2፦ በየቀኑ አንድ ዙር ቢሆን 365 ነበር። በብዙ ቀናት ደግሞ ደጋግሞ ተጫውቷል ማለት ነው። አማተር ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚጫወት ነው።

አቅራቢ 1፦ እኛ ዘንድስ?

አቅራቢ 2፦ ሐዋሳ የጎልፍ ከተማ አይደለችም። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ ብትወርድ ግን ያንኑ ፍቅር ታያለህ። የሚሮጠው፣ በእግሩ የሚንሸራሸረው፣ ታቦር ተራራ የሚወጣው ሁሉ ዋንጫ አይጠብቅም።

አቅራቢ 1፦ ኃይሌ ገብረሥላሴም 27 የዓለም ክብረ ወሰኖች ከማስመዝገቡ በፊት በአሰላ አካባቢ ትምህርት ቤት በሩጫ የሚመላለስ ልጅ ነበር፤ መሄጃው 10 ኪሎ ሜትር፣ መመለሻውም 10።

አቅራቢ 2፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ማንም ያላጨበጨበለት የየዕለቱ ሩጫ ነው ጀግናውን ያወጣው።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ለአድማጮቻችን ምን እንበል?

አቅራቢ 2፦ ሐይቁ ደጃችን ነው። ዛሬ አንድ ዙር፣ ነገም አንድ ዙር ብላችሁ ጀምሩ። ከተማችንን የምታስተዳድሩም የሐይቁን ዳርቻ ለእግረኛ ክፍትና ንጹሕ አድርጋችሁ ጠብቁልን።