ከሳሉ በኋላ የሚቀረው ሕመም

ሐኪም አይደለሁም። አባታችን «የደረሰብሽን ንገሪያቸው» ስላሉኝ ነው የቆምኩት።

በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና ያዘኝ። ሳሉና ትኩሳቱ በሦስት ሳምንት ለቀቀኝ፤ አፍንጫዬ ግን ማሽተት አቆመ። አንድ ቀን ጋዝ ከፍቼ ክብሪት ፍለጋ ሄድኩና ረሳሁት። ሸቷት ሮጣ የዘጋችው ማዳም ናት። «ሰንፈሻል፣ ልብሽ እዚህ የለም» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ሱቅ ሄጄ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ይጠፋኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን እንባዬ ዝም ብሎ ይፈሳል።

አንዲት እኅታችን ደግሞ ሆስፒታል ኦክሲጅን ላይ ሆና ከሞተች እናቷ ጋር ታወራ፣ ቱቦውን ትነቅል ነበር። እኛ «መንፈስ ነው» አልን። ነርሷ ግን፣ ሳንባ ሲታመም ለአንጎል የሚደርሰው ኦክሲጅን እንደሚያንስ፣ ትኩሳቱም አእምሮን እንደሚያዛባ አስረዳችን። «ስሟን ጥሩ፤ የት እንዳለችና ቀኑን በቋንቋዋ ንገሯት» አለች። በስልክ እየተፈራረቅን ነገርናት። ከቀናት በኋላ ወደ ልቧ ተመለሰች።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ኮሮና የያዛቸውን ከ230 ሺህ በላይ ሰዎች መዝገብ አይተው ነበር። በ2021 እንዳወጡት፣ በስድስት ወር ውስጥ ከ3ቱ ወደ አንዱ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሕመም ተመዝግቦበታል፤ ብዙው ጭንቀትና ድባቴ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኙት ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ ማሽተት ያቃታት ጋዝ ከፍታ ከምድጃው አትራቅ። የምትረሳ ትጻፍ፤ እኔ ወረቀት በሽርጤ ኪስ እይዛለሁ። ትንፋሽ ያጠራት፣ ንግግሯ በድንገት የተምታታባት፣ በአንድ ወገን እጇ ወይም ፊቷ የዛለባት ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ትይ። «ብሞት ይሻለኛል» የምትለውን አትቆጧት፣ ብቻዋንም አትተዉአት። ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እኔ በመጨረሻ ለማዳም «አልሰነፍኩም፣ አሞኛል» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ፤ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሳልነግራት በምን ታውቅ?

ከስምንት ወር በኋላ እዚሁ ቆሜ ሳለ ዕጣኑ ሸተተኝ። እናንተም አትደብቁ።