ስላየነው ቴአትርና ስለ ሰማነው አዝማሪ

(በማኅበራችን የቴአትር ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን ቴአትር ለማየት ወጥተን ነበር። የወጣነውም ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ባቀረብነው ጨዋታ አንዱ ጓደኛችን ቃሉ ጠፍቶበት ዝም ቢል፣ ሌሎቻችንም አብረን ዝም አልን። እርሱ ከዚያ ወዲህ ወደ ክበባችን አልተመለሰም። ቃል መርሳት በማንም ይደርሳል፤ የሚያሳፍረው የእኛ ዝምታ ነበር።

በቴአትር ቤቱ ሁለተኛው ገቢር እንደ ተጀመረ መብራት ጠፋ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰው ግን ጥቂት እንኳ ሳይደነግጥ፣ «አንቺ ልጅ፣ የመብራቱን ሂሳብ ክፈዪ ብዬሽ አልነበረም?» አለ። ልጅቱም ከጨለማው ውስጥ፣ «አባባ፣ ገንዘቡን ለጠጅ የወሰዱት እርስዎ ነዎት» ብላ መለሰች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ይህ ቃል በድርሰቱ ውስጥ የለም፤ አባትየው ጠጪ መሆኑ ግን አለ። ፈጥረው የተናገሩት ከባዶ ሳይሆን ከያዙት ጠባይ ነው።

ከዚያ አዝማሪ ቤት ገባን። ለስድስት ሁለት ቢራ መካፈላችንን ያየው አዝማሪ ገና ሳንደላደል በግጥም አነሣን። አንዱ ጓደኛችን «ተቀበል!» ብሎ መልስ ቢወረውር፣ የእርሱኑ ቃል ተቀብሎ ዘፈነና መልሶ በራሱ ላይ አዞረበት። ልብ ብለን ስናየው፣ አንዱን ስንኝ ከጨረሰ በኋላ መሰንቆውን ይገዘግዛል። እኛ ዜማ የምንሰማበት ጊዜ ለእርሱ ቤት የሚመታ ቃል የሚፈልግበት ጊዜ ነው። በዚያች አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ስንት ጊዜ ይገዛል!

ያለ ጽሑፍ መጫወት የውጭ ፈሊጥ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉ። በቺካጎ «ሰከንድ ሲቲ» የተባለው ቡድን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዝና ማትረፉ እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን በጽሑፍ የሚጫወተው ቴአትር ራሱ የመጣው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎቹን ኮመዲያ በ1910ዎቹ ዓ.ም. ካቀረቡ ወዲህ ነው፤ አገር ፍቅርም የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። አዝማሪው ከሁለቱም ይቀድማል።

ስለዚህ በሚመጣው ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ልምምድ እንጀምራለን። ወደ ጓደኛችንም ሁለት ሰዎች ልከናል፤ አስብበታለሁ ብሏል። መሰንቆ የሚችል ካለ ይዞ ይምጣ፤ ወረቀት አይያዝም።