አሮጌ ዘፈን በአዲስ እጅ

(አሰላ ላይ በተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የባህል ምሽታችን በተቃረበ ቁጥር የሚነሣው ክርክር ዘንድሮም ተነሥቷል። አንደኛው ወገን የአርሲ ሽማግሌዎች ያቆዩልን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ከተመታ ይበላሻል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጊታር ያልገባበትን ዘፈን የዛሬ ወጣት ቆሞ አይሰማውም ይላል። እንድንናገር የተጠየቅነው እኛ፣ ነገሩን ከጩኸት አውጥተን በአንድ ምሳሌ ልንመረምረው አስበናል። ምሳሌው የሩቅ አገር ነው፤ ፍርዱ ግን የሚያስፈልገው ለእኛው መድረክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1967 መጨረሻ ቦብ ዲለን የተባለው አሜሪካዊ ባለቅኔና ዘፋኝ «ኦል አሎንግ ዘ ዎችታወር» የተሰኘ አጭር ዘፈን በሸክላ አወጣ። ዎችታወር ማለት የመጠበቂያ ማማ ነው። እህል ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ለጠበቀ የገበሬ ልጅ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዘፈኑ ማማ ግን የሚጠብቀው ከተማን ነው፤ ሐሳቡም በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 21 ላይ ዘበኛው ከማማው ሆኖ ፈረሰኞች ሲመጡ ከሚያይበት ታሪክ ጋር ይገናኛል። ዲለን ይህን የዘፈነው በተራ ጊታር፣ በአፍ ሃርሞኒካ፣ በቤዝና በከበሮ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም ነገር በሁለት ደቂቃ ተኩል ያልቃል።

ሸክላው ከወጣ ወር ሳይሞላው፣ ጥር 21 ቀን 1968፣ ጂሚ ሄንድሪክስ ለንደን ውስጥ ያንኑ ዘፈን መቅረጽ ጀመረ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹንም እንደገና አሰናድቶ ይጫወት ነበር።

ይህ ወጣት ምኑን ተወ፣ ምኑን ለወጠ? ግጥሙን አልነካም። ዘፈኑ የቆመባቸውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመላለሱትን ሦስት ኮርዶች አልነካም። የለወጠው ድምፁንና ስፋቱን ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል የነበረው አራት ደቂቃ ሆነ። በመካከሉ ዘፋኙ ዝም ሲል ጊታሩ በአራት ዓይነት አንደበት ይናገራል፤ መጀመሪያ በጣት ብቻ ጥርት አድርጎ፤ ቀጥሎ ክሩ ላይ ጠንካራ ነገር በማንሸራተት፣ ይኸውም የሲጋራ መለኮሻ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ሦስተኛ ዋዋ በሚባለው በእግር በሚረገጠው መሣሪያ፤ በመጨረሻም ኮርዶቹን ራሳቸውን በመምታት። ይህንንም በአንድ ቀን አልጨረሰውም። ለንደን የጀመረውን ኒው ዮርክ ወስዶ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ ሠራው፤ ለሕዝብ የደረሰውም በመስከረም ወር ነው።

እኛ ከዚህ የምንማረው የጣት ፍጥነትን አይደለም። ግጥሙ የሚያወራው እየቀረበ ስላለ አደጋ ነው። ዲለን ይህን ዝግ ባለ ድምፅ ነገረን፤ ሄንድሪክስ ያን አደጋ በጊታሩ ነፋስና ግልቢያ አሰማን። ስለዚህ የጨመረው ሁሉ ከዘፈኑ ሆድ የወጣ እንጂ ከውጭ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም። ይህን ለማድረግ አሮጌውን ዘፈን ከሌላው ሰው ይልቅ ጠንቅቆ መስማት ነበረበት።

አሰላ ላይ ስለ ሩጫ የማያውቅ የለምና በሩጫ እናመሳስለው። በ2004 ቀነኒሳ በቀለ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ20.31 ሴኮንድ ሲሮጥ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1998 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ተሻረ። በዘፈን ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። ሄንድሪክስ በ1970 በ27 ዓመቱ ሞተ፤ ዲለን ራሱም ከዚያ በኋላ ዘፈኑን በሄንድሪክስ አኳኋን እንደሚጫወተው ተናግሯል። ባለቤቱ የገዛ ልጁን በሌላ ሰው እጅ አድጎ አገኘውና አቀፈው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1970ዎቹ የኢቤክስ ባንድ ወጣቶች፣ በተለይም ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ሥዩም ወልደ ማርያምና የቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ፣ ከማህሙድ አህመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን በ1975 ሠሩ። በዓመቱ ደግሞ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ውስጥ ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሚሄድ ሙዚቃ ቀረጹ። ጊታሩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቅኝቱ ግን የእኛው ነው። ጆሮውን የሰጠ ሰው የክራር ድርደራ ይሰማበታል። ድሬዳዋ ላይ ከአፍረን ቀሎ ጓደኞቹ ጋር የተነሣው፣ በ2022 ያረፈው አሊ ቢራም ኦሮምኛን በዑድና በጊታር አጅቦ ሲዘፍን ቋንቋውን አላስረከሰም፤ ከመንደር መንደር፣ ከአገር አገር አዳረሰው እንጂ። እንግዲህ መሣሪያው ባዕድ ስለ ሆነ ብቻ ዜማው ይበላሻል የሚለው የመጀመሪያው ወገን ነገር በእነዚህ ሰዎች ሥራ ፊት አይጸናም።

ሁለተኛውም ወገን ግን ሙሉ በሙሉ አልረታም። ከጭላሎ ሥር እስከ በቆጂ ባሉት መንደሮች የሚዘፈነው ሁሉ የመድረክ ዘፈን አይደለም። ፈረሰኛው የሚያቅራራበት፣ ጀግናው ሥራውን የሚያወሳበት ጌራርሳ ሰው እንዲሰማው የተሠራ ነው። አቴቴ ግን ሌላ ነው። የአርሲ እናቶች በጋብቻቸው ቀን የተሰጣቸውን ሲንቄ ይዘው ሲወጡ፣ ዜማው ልመና ነው፤ ፍርድም ነው። በደል የደረሰባት ሴት የምትካስበትን፣ የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁበትን ድምፅ፣ እናቶቹ ሳያውቁ ቤዝና ከበሮ ጨምረንበት ብንጨፍርበት፣ አዲስ አደረግነው ማለት አንችልም። የሰው ንብረት ወሰድን እንጂ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ጊታር ከባህል ምሽቱ አይከልከል። ነገር ግን አሮጌ ዜማ በአዲስ መልክ የሚያቀርብ ተማሪ፣ በቅድሚያ ዜማውን እንደ ቀድሞው ሊያሰማን የሚችል ሰው ወደ መድረክ ያውጣ፤ ቀጥሎ የራሱን ያሰማ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰምተን እንፍረድ።

ሁለተኛ፤ ዜማው ከማን እንደ ተሰማና ከየት ቀበሌ እንደ መጣ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ በመድረኩ ይነገር። የዲለን ስም በሄንድሪክስ ሸክላ ላይ ተጽፏል፤ የእኛ አያቶች ስም የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፤ አቴቴና እርሱን የመሰለው ዜማ ያለ እናቶቹ ፈቃድ አይነካ።

ለዕረፍት ወደ ኢተያ፣ ወደ ሳጉሬ፣ ወደ በቆጂ የምትሄዱ ጓደኞቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በየቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን አስፈቅዳችሁ አንዳንድ ዜማ በስልካችሁ ቅረጹ። ጊታር የሚመታው ጓደኛችን ጣቱ እየፈጠነ ነው፤ የሚያስፈልገው የሚሰማው ዜማ ነው። ሄንድሪክስ የዲለን ሸክላ በእጁ ነበረ። የእኛ ዜማ ሸክላ የለውም፤ ያለው በጥቂት ሰዎች ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ እነዚህም ሰዎች እያረጁ ናቸው።