ከመርፌው በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት



በአልትራሳውንድ ስክሪን ላይ የእትብት ደም ሥር ፍሰት እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድሮ ይታያል። እያንዳንዱ ጫፍ የፅንሱ አንድ የልብ ምት ነው። ጤናማ በሆነ እርግዝና በሁለት ጫፎች መካከል ያለው ዝቅታ ከሥር ያለውን የዜሮ መስመር አይነካም፤ ልብ ባረፈባት ቅጽበት እንኳ ደሙ ወደ እንግዴ ልጁ ይሄዳል። እድገቱ በተገታ ፅንስ ግን የእንግዴ ልጁ ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚጠቡ ዝቅታው መስመሩ ላይ ይተኛል። ሲብስ ከመስመሩ በታች ይገለበጣል፤ ደሙ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን ያየ ሐኪም፣ ፅንሱ ያለ ጊዜው ሊወለድ ስለሚችል፣ ሳንባውን የሚያዘጋጅ መርፌ ያዛል። ቤታሜታዞን ከሆነ 12 ሚሊግራም በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ እኛ ዘንድ የተለመደው ዴክሳሜታዞን ከሆነ 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ። መርፌውን ያገኘነው ከበጎች ነው። ኒውዚላንዳዊው ግራሃም ሊጊንስ ምጥ በምን እንደሚጀምር ሲያጠና፣ ሆርሞን የተሰጠው ግልገል ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ ይሞታል ሲባል ሲተነፍስ አገኘው። እሱና ሮስ ሃዊ በ282 እናቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1972 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ምጥ ሳይታሰብ መጥቶባቸው ከወለዱት መካከል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት ሕፃናት መርፌ ካላገኙት 15.0፣ ካገኙት ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ።

ስለ ሳንባው ክርክር የለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ የደም ፍሰቱ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ዋላስና ቤከር ከሜልበርን እንዳሳዩት፣ በዝቅታው ጊዜ ጠፍቶ የነበረው ፍሰት ከቤታሜታዞን በኋላ በብዙዎቹ ፅንሶች ላይ ዳግም ይታያል። እናቲቱ «ዶክተር፣ ተሻለው ማለት ነው?» ትላለች። አልተሻለውም። የእንግዴ ልጁ በሽታ ባለበት ነው፤ ፍሰቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው፣ በእነዚያው ቀናት ይኸው መድኃኒት የፅንሱን እንቅስቃሴና የልብ ምት መለዋወጥ መቀነሱ ነው። የደም ፍሰቱን የሚያሳየው የአልትራሳውንድ ምርመራ፣ ዶፕለሩ፣ «ደኅና ነው» ሲል የልብ ምት ወረቀቱ «ተዳክሟል» ይላል፤ እናቲቱም «ዛሬ ዝም ብሏል» ትላለች። አንዱን ብቻ ያመነ ሐኪም ወይ በከንቱ ይረጋጋል፣ ወይ በከንቱ ለኦፕራሲዮን ይቻኮላል። እኔ ከሁለቱ የምፈራው መረጋጋቱን ነው።

የሜልበርን ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ በጎቹ ተመልሰዋል። እድገቱ የተገታ ፅንስ ደሙን ቀድሞውኑ ለአንጎሉ ያደላል፤ ከመርፌው በኋላ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ከልክ በላይ ሲጨምርና የአንጎል ጉዳት ምልክት ሲታይ ተመልክተዋል። ይህ የበግ ውጤት ነው፤ መርፌውን ለመከልከል አይበቃም። ግን ከቀደሙት የመርፌው ሙከራዎች አብዛኞቹ እድገታቸው የተገታ ፅንሶችን ለይተው ያጠኑ እንዳልነበሩ ልብ በሉ።

ስለዚህ በክፍላችን መርፌው የተሰጠበት ሰዓት ከዶፕለሩ ውጤት ጎን ይጻፍ። በሁለተኛው ቀን ጠፍቶ የነበረው ፍሰት ዳግም መታየቱን ያየ ተረኛ ሐኪም እናቲቱን ወደ ቤት አይሸኛት፤ በአራተኛው ቀን ዶፕለሩ እንደገና ይታይላት።